ሊሄድ የተነሣው መሐንዲስ፦ የአናንድ ወተት አምራቾች ሠራተኛ መርጠው ያቆዩበት ታሪክ

አርሶ አደር በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ አይቸኩልም። ጥርሱን ያያል፤ ሰኮናውንና ጫንቃውን ይዳስሳል፤ ከየትኛው ቀዬ እንደመጣና ባለቤቱ ለምን እንደሚሸጠው ይጠይቃል። ከተቻለም ጠምዶ ይሞክረዋል። ዋጋው የረከሰ በሬ ካጋጠመውም ከመደሰቱ በፊት ይጠራጠራል። ይኸው አርሶ አደር ግን በዩኒየኑ የሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ ሲመረጥና በሚሊዮን ብር የሚቆጠር የአባላት ሀብት የሚያንቀሳቅስ ሥራ አስኪያጅ ወይም የሂሳብ ሠራተኛ የመቅጠር ኃላፊነት ሲወድቅበት፣ ጉዳዩ በአንድ ከሰዓት ስብሰባ የሚያልቅበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የትምህርት ማስረጃ ይታያል፣ ደመወዝ ይጠቀሳል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ለቀማው የሚመጣው በኋላ ነው።

ለቀማው ምን እንደሚመስል የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ያውቁታል። የሂሳብ ሠራተኛው በእህል ግዥ ወቅት ሥራውን ሲለቅ የማን ምርት ስንት ኩንታል ገባ፣ ለማን ተከፈለ፣ ለማን ቀረ የሚለው በደረሰኝ ጥራዝ ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። ተተኪው እስኪገኝ ሁለትና ሦስት ወር ይሄዳል። የተገኘውም ሰው የቀዳሚውን መዝገብ አምኖ ለመረከብ ይፈራል። ሂሳቡ ሳይዘጋ ኦዲት አይደረግም፤ ኦዲት ካልተደረገ የትርፍ ክፍፍል የለም፤ ባንክም ለቀጣዩ ዓመት ግዥ ብድር ሲጠየቅ በቅድሚያ የሚፈልገው የተመረመረ ሂሳብ ነው። በአንድ ሠራተኛ መልቀቅ ምክንያት ምርቱን በወቅቱ ለነጋዴ በርካሽ የሸጠ አባል ኪሳራውን በየትኛው መዝገብ ያስመዘግበዋል?

በኢትዮጵያ ኅብረት ሥራ ማኅበራት እንደገና በፈቃደኝነት መደራጀት የጀመሩት በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 85 ሲሆን፣ ዩኒየኖች በስፋት የተቋቋሙት ደግሞ ከአዋጅ ቁጥር 147/1991 ወዲህ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየዩኒየኑ የሚነሣ አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። ማኅበሩ በአርሶ አደሩ ይመራል፤ የዕለት ሥራውን የሚያካሂደው ግን የተቀጠረ ባለሙያ ነው። ታዲያ ይህን ባለሙያ እንዴት መርጦ፣ እንዴት ማቆየት ይቻላል? ለዚህ ጥያቄ በዓለም የኅብረት ሥራ ታሪክ ውስጥ ከፍ ብሎ የሚታይ አንድ ምላሽ አለ። የተገኘውም በህንድ አገር፣ በጉጃራት ክፍለ ግዛት፣ አናንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። (ከዚህ በታች የህንድን ታሪክ በሚመለከት የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት መንደሮችና 250 ሊትር ወተት

አናንድ በዚያን ጊዜ የምትገኘው በካይራ አውራጃ ነበር። በ1940ዎቹ የካይራ ገበሬ ጥቂት ጎሾች ያረባ ነበር። እዚህ ላይ ጎሽ ሲባል የኢትዮጵያው የዱር ጎሽ አይደለም፤ በህንድ እንደ ላም በቤት የሚረባ፣ ወተቱ ከላም ወተት ይበልጥ ቅባት ያለው እንስሳ ነው። ወተቱን የሚገዙት ነጋዴዎች ነበሩ። እነሱም በተራቸው ለፖልሰን ኩባንያ ያስረክቡ ነበር። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት በ1945 ለቦምቤይ ከተማ ወተት የማቅረብ ፕሮግራም ሲጀምር ከካይራ ወተት ሰብስቦ የመላክ መብቱን ለፖልሰን ሰጠ። ቦምቤይ ከአናንድ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከተማዪቱ ጥሩ ዋጋ ትከፍላለች፤ ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው ግን ጥቂት ነበር።

ገበሬዎቹ አቤቱታቸውን ይዘው በአካባቢው ተወላጅነታቸውና በነፃነት ትግል መሪነታቸው ወደሚታወቁት ወደ ሰርዳር ቫላብባይ ፓቴል ሄዱ። ሰርዳር ፓቴል ረዳታቸውን ሞራርጂ ዴሳይን ላኩ (ኋላ የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ናቸው)። በጥር 1946 ሳማርካ በምትባል መንደር ስብሰባ ተደረገና በየመንደሩ የራስ ማኅበር እንዲቋቋም፣ መንግሥት ከማኅበሩ ካልገዛ ደግሞ ወተት እንዳይሸጥ ተወሰነ። ገበሬዎቹ ለ15 ቀናት ያህል ለነጋዴ አንዲት ጠብታ ሳይሸጡ ቆዩ። ወደ ቦምቤይ የሚሄደው ወተት ተቋረጠ፤ መንግሥትም ጥያቄያቸውን ተቀበለ። የካይራ አውራጃ ወተት አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ታኅሣሥ 14 ቀን 1946 ተመዘገበ። ሊቀመንበሩ ትሪቡቫንዳስ ፓቴል ሆኑ። (ፓቴል በጉጃራት በጣም የተለመደ የቤተሰብ ስም ስለሆነ ከሰርዳር ፓቴል ጋር እንዳይምታታ ከዚህ በኋላ በመጀመሪያ ስማቸው ትሪቡቫንዳስ እንላቸዋለን።)

ዩኒየኑ በ1948 ወተት መላክ ሲጀምር አባል ማኅበራቱ ሁለት ብቻ ነበሩ። በቀን የሚሰበሰበውም ወተት 250 ሊትር ገደማ ነበር። ከፖልሰን ጋር ሲወዳደር እዚህ ግባ የማይባል መጠን ነው። የወተት ንግድ ደግሞ ምሕረት የለውም። እህል ዋጋ እስኪወጣ በጎተራ ይቆያል፤ ወተት ግን በሙቀት አገር በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይበላሻል። ዩኒየኑ የሚጠቀምበት ማሽን ከመንግሥት የወተት ማቀነባበሪያ የተከራየው አሮጌ ዕቃ ነበር። በየጊዜው ይሰበራል። ማሽኑ በተሰበረ ቁጥር የገበሬው ወተት ይበላሻል፤ ማኅበሩን ትቶ ወደ ነጋዴ የመመለስ ፈተናም ይመጣል። ዩኒየኑን አፋፍ ላይ ያደረሰው የአባላት መክዳት ወይም የገንዘብ እጦት ብቻ አልነበረም። ማሽን የሚያውቅ አንድ ሰው አለመኖሩ ነበር።

በግዴታ የመጣ ሠራተኛ

ግንቦት 13 ቀን 1949 አንድ የ27 ዓመት መሐንዲስ አናንድ ደረሱ። ቨርጌዝ ኩሪየን ይባላሉ። የተወለዱት ከጉጃራት እጅግ ርቆ በሚገኘው በደቡብ ህንድ፣ በኬራላ ነው። በመንግሥት የትምህርት ዕድል አሜሪካን አገር ሄደው በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1948 በምህንድስና የማስተርስ ዲግሪ አግኝተዋል። የትምህርት ዕድሉ ግዴታ ነበረበት፤ ተማሪው ሲመለስ መንግሥት በሚመድበው ቦታ ለተወሰኑ ዓመታት ማገልገል አለበት። ምድቡ አናንድ በሚገኘው የመንግሥት የምርምር ወተት ማቀነባበሪያ ሆነ።

ኩሪየን ቦታውን አልወደዱትም። ጉጃራትኛ አይናገሩም። የክርስቲያን ቤተሰብ ልጅ ናቸው፣ ሥጋ ይበላሉ፣ አላገቡም። ሥጋ የማይበላ ሕዝብ በሚበዛባት በዚያች ከተማ በእነዚህ ምክንያቶች ቤት የሚያከራያቸው ሰው ጠፋና ጋራዥ ውስጥ ኖሩ። ከሁሉም በላይ ያሰለቻቸው ግን ሥራ አለመኖሩ ነው። ማቀነባበሪያው ሠራተኛ እንጂ የሚሠራ ሥራ አልነበረውም። በተደጋጋሚ የመልቀቂያ ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤታቸው ጻፉ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አገኘ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባ ነገር አለ። ሠራተኛን በግዴታ ውል ማሰር በብዙ መሥሪያ ቤት ዘንድ እንደ መፍትሔ ይወሰዳል። «ሥልጠና ልከነው ይህን ያህል ዓመት እንዲያገለግል እናስፈርመው» ይባላል። ውሉ ሰውየውን ወደ አናንድ አምጥቶታል፤ ይህ አይካድም። ሊያቆየው ግን አልቻለም። ሕጉ በፈቀደለት የመጀመሪያ ቀን ሊሄድ ሻንጣውን አዘጋጅቷል። ያቆየው ምንም ዓይነት ውል ያልነበረው ሌላ ወገን ነው።

የሰባት ወር ሙከራ

ትሪቡቫንዳስ ፓቴል በ1903 እዚያው አናንድ የተወለዱ፣ የማህተማ ጋንዲ ተከታይ፣ በነፃነት ትግሉ የታሠሩ ሰው ነበሩ። መንደር ለመንደር በእግራቸው እየዞሩ ማኅበር ያደራጃሉ። ዩኒየኑ ማሽኑን የተከራየው ኩሪየን ከሚሠሩበት ማቀነባበሪያ ስለነበር ሁለቱ ተገናኙ። ማሽኑ ሲሰበር ሊቀመንበሩ ወጣቱን መሐንዲስ ይጠሩታል። ሥራ ፈትቶ የሚንገላታው መሐንዲስም ይጠግናል። እንደገና ይሰበራል፣ እንደገና ይጠግናል። በመጨረሻ ኩሪየን ይህን አሮጌ ብረት ከመጠጋገን አዲስ ማሽን ግዙ ብለው መከሩ። ምክሩ ለድሃ ዩኒየን ከባድ ነበር፤ ትሪቡቫንዳስ ግን ገንዘብ ተበድረው አዘዙ።

የማሽኑ ጉዳይ በሂደት ላይ ሳለ ነው ኩሪየን ለመሄድ የተሰናዱት። ሊቀመንበሩ መጡ። ልመናቸው አጭር ነበር፦ እንድንገዛው የመከሩን ማሽን ሊተከል ነው፤ ተክለውልን፣ ሠራተኞቻችንን አስተምረውልን ይሂዱ፤ ለጥቂት ወራት ብቻ ይቆዩልን። ኩሪየን ተስማሙና በ1950 መጀመሪያ የዩኒየኑ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ለጥቂት ወራት የተባለው ቆይታ ከ50 ዓመት በላይ ዘለቀ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ዕድል ነው። ዕድል የተባለውን ሲመረምሩት ግን ውስጡ ጥንቃቄ ይገኛል። ትሪቡቫንዳስ ኩሪየንን የቀጠሩት የዲግሪ ወረቀታቸውን አይተው አይደለም። ከግንቦት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለሰባት ወር ያህል በሥራ ላይ አይተዋቸዋል። ማሽን በሌሊት ሲሰበር ይመጣሉ ወይስ ይቀራሉ? የማያውቁትን አላውቅም ይላሉ ወይ? ገበሬውን ያከብራሉ ወይስ ይንቃሉ? ለማይከፈላቸው ሥራ እንዴት ይሠራሉ? እነዚህን ጥያቄዎች ቃለ መጠይቅ አይመልሳቸውም፤ ጊዜ ነው የሚመልሳቸው። በኢትዮጵያ የሠራተኛ ሕግ የሙከራ ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ከ45 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን ተደርጓል። ጊዜው አጭር ነው። ሆኖም ብዙ ማኅበራት ይህንንም አጭር ጊዜ በወጉ አይጠቀሙበትም፤ የሙከራው ቀን ማንም ምንም ሳይመዘን ያልፍና ሠራተኛው ቋሚ ይሆናል።

ሰውን ከመቅጠር በፊት በሥራው የማወቅ ጥቅም በኢትዮጵያም ታይቷል። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ሲቋቋም ሥራ አስኪያጅ የሆኑት አቶ ታደሰ መስቀላ ከዚያ በፊት በመንግሥት የኅብረት ሥራ ማደራጃ ሥራ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። ለዩኒየኑ መመሥረት ራሳቸው የደከሙ ስለሆኑ ገበሬዎቹም እሳቸውም እርስ በርስ እንግዳ አልነበሩም። ስለ ቡና ንግድ የተሠራው «ብላክ ጎልድ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በዓለም ሲታይ እዚያው ወንበር ላይ ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቆይተዋል።

ጓደኛ ጓደኛን ሲያመጣ

ኩሪየን መሐንዲስ እንጂ የወተት ሳይንስ ሊቅ አልነበሩም። ይህን ጉድለታቸውን ያውቁ ነበር። በሚቺጋን ከእሳቸው ጋር የተማሩት ኤች. ኤም. ዳላያ የተባሉ የወተት ቴክኖሎጂ ባለሙያ ሊጠይቋቸው አናንድ ሲመጡ ኩሪየን አልለቀቋቸውም። ዳላያም ለጉብኝት መጥተው የዩኒየኑ ሠራተኛ ሆኑ።

የዳላያ መቀጠር ለዩኒየኑ ምን ዋጋ እንደነበረው የታየው ብዙም ሳይቆይ ነው። ጎሽ በክረምቱ ብርድ ወራት ከበጋው እጥፍ ያህል ወተት ትሰጣለች። ቦምቤይ ግን ዓመቱን ሙሉ የምትገዛው ተመሳሳይ መጠን ነው። ስለዚህ በብርዱ ወራት ገበሬው ወተቱን የሚያደርስበት አልነበረውም። መፍትሔው የተረፈውን ወተት ማድረቅና ዱቄት ማድረግ ነበር። በዚያን ጊዜ የውጭ አገር ሊቃውንት ቅባት የበዛበት የጎሽ ወተት ዱቄት ሊሆን አይችልም ይሉ ነበር። ዳላያ በትንሽ የሙከራ መሣሪያ ሠርተው እንደሚቻል አሳዩ። በዚህም መነሻነት ዩኒሴፍና የኒውዚላንድ መንግሥት ባደረጉት እርዳታ ከጎሽ ወተት ዱቄት የሚያመርት ፋብሪካ ተገነባ። ጥቅምት 31 ቀን 1955 ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ መረቁት። «አሙል» የሚባለው የንግድ ስም የመጣውም በዚሁ ወቅት ነው። ትርጉሙ ዋጋ የማይተመንለት ማለት ነው።

ሦስቱ ሰዎች ሥራ ተከፋፍለው ነበር። ትሪቡቫንዳስ ከገበሬውና ከመንግሥት ጋር ይነጋገራሉ፤ ኩሪየን ፋብሪካውንና ሽያጩን ይመራሉ፤ ዳላያ ወተቱን ያውቃሉ። ሊቀመንበሩ የገበሬውን አደራ የያዙ እንደመሆናቸው ሥራ አስኪያጁን ይጠይቃሉ እንጂ በዕለት ሥራው ጣልቃ አይገቡም። ለፋብሪካው ዘመድ ይቀጠርልኝ፣ ለእገሌ መንደር ወተት ሳይመዘን ይወሰድለት የሚል የፖለቲካ ሰው ሲመጣም ፊት ለፊት የሚቆሙት ሊቀመንበሩ ናቸው። ይህ ነገር ከደመወዝ እኩል፣ ምናልባትም ከደመወዝ ይበልጥ ሠራተኛ ያቆያል። ከዩኒየኖች የሚለቁ ሥራ አስኪያጆች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ደመወዝ ይላሉ። ለማመልከቻ የሚመቸው ምክንያት ይኸው ስለሆነ ነው። ቁልፍ የሚያስረክብ ግን ማዘዝ የማይችል ሥራ አስኪያጅ፣ በየሳምንቱ በቦርድ አባላት ተለዋጭ ትእዛዝ የሚሰጠው የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ ደመወዙ ቢጨመርም ልቡ ውጭ ነው። አማካሪ ሆኖ ሲጠራ የሚሰማ፣ ባለሙያ ሆኖ ሲወስን የሚከበር ሠራተኛ በአንጻሩ በአነስተኛ ጭማሪ ልዩነት አይሄድም።

ያም ሆኖ ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም። አርሶ አደሩ የቦርድ አባል ከእሱ የዓመት ገቢ የሚበልጥ ገንዘብ በጥቂት ወራት ለሚቀበል ሠራተኛ ሲፈርም እጁ ቢያመነታ አይፈረድበትም። ትሪቡቫንዳስም የቀጠሩት ከእሳቸው ይበልጥ የተማረና ከማንኛውም አባል በላይ የሚከፈለው ሰው ነው። ሂሳቡን የሠሩት ግን ሠራተኛው በሚወስደው ሳይሆን ሳይኖር በሚበላሸው ወተት ነው።

የመንደሩ ልጅ

ስለ አናንድ ሲወራ ስማቸው የሚነሣው ከላይ ያሉት ሦስቱ ናቸው። የማኅበሩ ምሰሶ ግን በየመንደሩ የሚገኘው ተቀጣሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአናንድ አሠራር እያንዳንዱ የመንደር ማኅበር የራሱ ጸሐፊ፣ ወተት ተረካቢና የቅባት መርማሪ አለው። እነዚህን የሚመርጠው የመንደሩ ኮሚቴ ሲሆን የሚመረጡትም ከዚያው መንደር ነው። በየቀኑ ጠዋትና ማታ አባላት ወተታቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ይለካል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ቅባቱ ይመረመራል፣ ክፍያውም በዚያው መጠን ይሰላል። ማጭበርበር የፈለገ ሠራተኛ በሚቀጥለው ጠዋት እነዚያኑ ጎረቤቶቹን ፊት ለፊት ያያቸዋል። ሊሄድ የፈለገም የሚሄድበት ቦታ ከቤቱና ከጎሾቹ ይርቅበታል።

በየመንደሩ አንድ የአካባቢው ወጣት የማዳቀል ሥራ ተምሮ እንስሳትን ያዳቅላል፤ የእንስሳት ሐኪሞቹን የሚቀጥረው ደግሞ ዩኒየኑ ነው። የሥራ ክፍፍሉ የታሰበበት ነበር። አጭር ሥልጠና የሚበቃውን ሥራ ለመንደሩ ልጅ፣ ረጅም ትምህርት የሚጠይቀውን ለዩኒየኑ ባለሙያ። በኢትዮጵያ መሠረታዊ ማኅበራት ዘንድም ይህ ልምድ እንግዳ አይደለም። የቀበሌው ልጅ ተምሮ ተመልሶ ሂሳብ ያዥ ሲሆን ከሩቅ ከመጣ ይልቅ መቆየቱ ይታያል። ችግሩ የቀበሌ ልጅነት አንዳንድ ጊዜ የሊቀመንበሩ የቅርብ ዘመድነት ሆኖ መገኘቱ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰውና አንድ ባለሥልጣን ብቻ የሚያውቀው ሰው አይመሳሰሉም።

«ደመወዜ ከገበሬው ነው»

በጥቅምት 1964 የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ላል ባሃዱር ሻስትሪ ዩኒየኑ ያሠራውን የእንስሳት መኖ ፋብሪካ ሊመርቁ ወደ ካይራ መጡ። የመጡትም ለምረቃው ብቻ አልነበረም፤ በአንድ መንደር በገበሬ ቤት አድረው፣ ከሰዎች ጋር ሲወያዩ አመሹ። በሌላው አካባቢ የመንግሥት የወተት ልማት ሲከሽፍ የአናንዱ ለምን እንደተሳካ ማወቅ ፈልገው ነበር። የደረሱበት መልስ ቀላል ነው። መሬቱም ጎሹም ከሌላው የተለየ አልነበረም፤ የተለየው ማኅበሩ የገበሬዎቹ፣ ባለሙያዎቹም የማኅበሩ ተቀጣሪዎች መሆናቸው ነበር።

በዚህም መሠረት የአናንድን አሠራር በመላ አገሪቱ የሚያስፋፋ ብሔራዊ የወተት ልማት ቦርድ በ1965 ተቋቋመ። ኩሪየን እንዲመሩት ተጠየቁ። ሁለት ነገር ጠየቁ፦ የቦርዱ ጽሕፈት ቤት ዴልሂ ሳይሆን አናንድ እንዲሆን፣ እሳቸውም የገበሬዎቹ ተቀጣሪ ሆነው እንዲቀጥሉና ደመወዛቸውን ከመንግሥት እንዳይቀበሉ። ሁለቱም ተፈቀደላቸው። ቦርዱን እስከ 1998 በሊቀመንበርነት መሩ። በእሳቸው አመራር ከ1970 እስከ 1996 የተካሄደው «ኦፕሬሽን ፍለድ» የተባለው ታላቅ የወተት ልማት ፕሮግራም ህንድን በ1990ዎቹ መጨረሻ በዓለም ቀዳሚ የወተት አምራች አገር አድርጓታል።

ሠራተኛን የሚያፈራ ትምህርት ቤት

ማኅበራቱ ሲበዙ የሰው ኃይል ጥያቄው እንደገና ተነሣ። እንደ ኩሪየን ያለ ሰው ሊሄድ ሲነሣ በየመንደሩ በር ላይ አይገኝም። የአገሪቱ የንግድ ሥራ አመራር ትምህርት ቤቶች ምሩቃን ደግሞ የከተማ ድርጅት እንጂ የገጠር ማኅበር አይፈልጉም። ስለዚህ በ1979 የገጠር ሥራ አመራር ኢንስቲትዩት በዚያው በአናንድ ተከፈተ። ተማሪዎቹ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሂሳብና አመራር ከመማር ባሻገር በገበሬ መንደር ገብተው ለሳምንታት እንዲኖሩ ተደረገ። ይህ ሰባት ወር አይሞላም፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። ወጣቱ የገጠሩን ኑሮ ሳያየው አይቀጠርበት፤ ማኅበሩም ወጣቱን ሳያየው አይቅጠረው።

ውጤቱ ሁሉ መልካም ነበር ማለት አይቻልም። የትምህርት ቤቱ ስም ሲገንን የግል ኩባንያዎችም ምሩቃኑን ይፈልጓቸው ጀመር። ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ የተሻለ ወደሚከፍል ሥራ ሄደዋል። አርሶ አደሩ ከፍሎ ያስተማረው ሰው ለሌላ ሲሠራ ማየት ያስቆጫል። በኢትዮጵያም ከአርዳይታ የሥልጠና ማዕከልና የኅብረት ሥራ ትምህርት ከሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ከወጡት ውስጥ ባንክ ቤት የሚገኙት ጥቂት አይደሉም። ይሁን እንጂ የቀሩትንም መቁጠር ያስፈልጋል፤ በአናንድ የቀሩት ምን እንዳደረጉ ከዚህ በታች ይታያል።

መሰናበት

የኩሪየን ረጅም ቆይታ ጥላም ነበረው። ከ1973 ጀምሮ የጉጃራት የወተት ዩኒየኖች የጋራ የገበያ ፌዴሬሽን ሊቀመንበር ነበሩ። ዘመኑ ሲረዝም ከአባል ዩኒየኖች ሊቀመናብርት ጋር አለመግባባት ተፈጠረና በ2006 ኃላፊነታቸውን ለቀቁ። በዚያን ጊዜ 84 ዓመታቸው ነበር። ለሠራተኛ መቆየት ብቻውን በቂ አለመሆኑን፣ የሚረከብ ሰው በጊዜ ማዘጋጀትም የቀጣሪው ማኅበር ሥራ መሆኑን ይህ ፍጻሜ ያሳያል። መስከረም 9 ቀን 2012 በ90 ዓመታቸው ከአናንድ ብዙም በማትርቀው በናዲያድ አረፉ። የካይራን ገበሬ ለጥቂት ወራት ሊረዱ ከተስማሙ 62 ዓመት አልፎ ነበር።

የሚረከቡት ግን ነበሩ። ከገጠር ሥራ አመራር ኢንስቲትዩቱ የመጀመሪያ ዙር ምሩቃን አንዱ የሆኑት አር. ኤስ. ሶዲ በ1982 በሽያጭ ሠራተኛነት ፌዴሬሽኑን ተቀላቀሉ። በ2010 የሥራ አመራር ዳይሬክተር ሆነው እስከ 2023 መርተውታል። እሳቸውን የተኩት ጃየን መህታ ደግሞ ድርጅቱን የተቀላቀሉት በ1991 ነው። ሁለቱም ወደ ላይኛው ወንበር የደረሱት ከ25 ዓመት በላይ ታይተው ነው።

ትምህርት ቤቱ በ2025 በህንድ ፓርላማ በወጣ ሕግ ወደ ብሔራዊ የኅብረት ሥራ ዩኒቨርሲቲ አድጓል። ስያሜው የተወሰደው ግን ከኩሪየን አይደለም፤ መንደር ለመንደር በእግራቸው ይዞሩ ከነበሩት፣ መሐንዲሱንም በር ላይ ደርሰው ለጥቂት ወራት ይቆዩልን ካሏቸው ከትሪቡቫንዳስ ነው።